በሰብሌ ማድቤት ያበራው ዓሣ

ሰብሌ ከቤቷ ስትወጣ የቀኑን ወጪ ታሰላለች፦ ታክሲ፣ ዘይት፣ ከሰል፣ የልጇ፣ የትንሿ ፀሎት፣ ምሳ። አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ የሐይቅ ዓሣ እየጠበሰች ይኼን ትሸፍናለች። በብር የማይሸፈነው ሌላ ነው፤ የማታውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ዓሣውን ምድጃ ላይ ትታ ስልኩን ታነሳለች። ባሏ ማኑሄ ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን ሲሻገር ባሕር ላይ ከቀረ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሬሳው አልተገኘም። ዕድርተኞቹ "ለቅሶ ተቀመጪ፣ ይውጣልሽ" ቢሏት፣ "ያላየሁትን አልቀብርም" ብላ ድርቅ አለች።

ባለፈው ክረምት የማኑሄ ጓደኛ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ ደበላ፣ ከጅቡቲ ሲመለስ አንድ የባሕር ዓሣ ከነባሕር ውኃው በላስቲክ ቋጥሮ፣ በረዶ መሃል አድርጎ አመጣላት።

"ሰብልዬ፣ የሐይቁን ስትጠብሺ ኖረሻል፤ እስቲ የሀብታም ዘመዱን ቅመሺ!"

እየሳቀች ተቀበለችው። ከላስቲኩ አውጥታ መስኮት በሌላት ማድቤቷ አኖረችው።

አመሻሽ ላይ መብራት ጠፋ። ቢላ ልታነሳ ብትገባ ዓሣው ያበራል። ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው ሰማያዊ፣ ለስለስ ያለ ብርሃን። ጣቷን አሳረፈችበት፤ ብርሃኑ ጣቷ ላይ ቀረ።

"ማኑሄ?" አለች። ድምፅዋን ራሷም አላወቀችውም።

ፀሎት ተከትላት ገብታ ኖሮ ጮኸች። ጎረቤታቸው እማማ ድንቅነሽ የቀራንዮ መድኃኔዓለምን ጸበል በጆግ ይዘው ደረሱ።

"በስመ አብ! ዞር በይ አንቺ፣ ይኼ የባሕር ሰይጣን ነው!"

"እማማ፣ በሞቴ ይተዉት!"

"ዝም በይ፤ ልጅሽ ላይ ሳይሰፍር!"

አፈሰሱበት። ጸበሉ የነካው ሁሉ ጨለመ። እማማ እልል አሉ። ሰብሌ ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብላ፣ አምቃው የኖረችውን ለቅሶ አለቀሰችው።

በማግስቱ ጓሮ የተከራየችው የባዮሎጂ አስተማሪ ሜቲ ነገሩን አስረዳቻት።

"ባክቴሪያ ናቸው። ባሕር ውስጥ ድንጋዩ ላይ፣ ጀልባው ላይ፣ የዓሣው ቆዳ ላይ ተጠጋግተው ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ሲበዙ ያበራሉ። ጨው ካጡ ያልቅላቸዋል፤ የቧንቧ ውኃም ቢሆን ያጠፋቸው ነበር።"

"ሰው ላይስ ያርፋሉ?"

ሜቲ አንገቷን ደፋች። "ባሕር ውስጥ የቀረ ነገር ሁሉ ላይ፣ ሰብልዬ። የሚያበሩት ይሁኑ አይሁኑ ግን ማን ያውቃል?"

ሰብሌ አሁን ለቅሶ ልትቀመጥ ቆርጣለች። ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ግን ማኑሄን በዚያ ብርሃን አንዴ ልትሰናበተው ትፈልጋለች። እናም ይኼን አንብባችሁ ወደ ጅቡቲ የምትወርዱ፣ አደራ ትላችኋለች፦ "አንድ የባሕር ዓሣ አምጡልኝ፤ ትንሽም ይሁን። መንገድ ላይ ግን አትጠቡብኝ፤ በራሱ ባሕር ውኃ እንደራሰ ይምጣልኝ።"