በቪም በር ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች

ይህ ነገር የደረሰብኝ ካቻምና፣ ሮተርዳም ውስጥ ሻርሎይስ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰው ለመግደል የቀረኝ አንድ ምት ብቻ ነበር። ብርዱ ገብቶ ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። ጽፌው ይውጣልኝ ብዬ ነው።

መነሻው ሂት ፓምፕ ነው። ያለ ጋዝ፣ በኤሌክትሪክ ብቻ እየሠራ፣ ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ ቤት የሚያሞቅ መሣሪያ ነው። የጋዝ ሂሳብ አንገፍግፎን ስለነበር መንግሥት ከዋጋው የተወሰነውን ይመልሳል ሲባል እኔና ባለቤቴ ትዕግሥት ተበድረን አስገጠምን። አሠራሩ መጀመሪያ ከኪስህ ትከፍላለህ፣ ከዚያ ደረሰኝህንና የተገጠመውን ዕቃ ፎቶ ትልካለህ፣ ሰብሲዲው፣ ማለትም የመንግሥት ድጎማው፣ በኋላ ይመጣል። ላክንና መጠበቅ ጀመርን።

ማራገቢያ ያለበት የውጭው ሳጥን የተተከለው ጓሯችን ውስጥ፣ ከጎረቤታችን ከቪም አጥር ሥር ነው። ቪም ወደብ ላይ ሌሊት እየሠራ ቀን የሚተኛ ብቸኛ ሰው ነው። እዚህ ቤት ስንገባ ሶፋችንን በመስኮት ስቦ ያስገባልን እሱ ነበር። ሳጥኑ ማጉረምረም ከጀመረ በኋላ ግን ያ ደግ ሰው ጠፋ።

መጀመሪያ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ "አንሱልኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ" አለኝ። "ገንዘቡ እስኪመለስልኝ ታገሰኝ" አልኩት። ፎቶ ከላክህ በኋላ ዕቃውን ከነካካህ ሰብሲዲው ይቀርብሃል ብሎ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አስፈራርቶኝ ነበር። ቪም ግን የማሾፍበት መሰለው። ከቀናት በኋላ ጠርሙስ ወርውሮ ሳጥኑ ላይ ከሰከሰው። ስብርባሪው የልጄን የሶስናን እግር ቆረጠው።

ደሟን ሳይ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ። አጥሩን ዘልዬ አንገቱን አነቅኩት፣ አፉን በቡጢ አልኩት። እሱም በጉልበቱ ሆዴን መታኝ። ትዕግሥት እየጮኸች ገላገለችን። ሌላ ቀን ደግሞ የሶስናን ብስክሌት ጎማዎች በቢላ ዘነጣጥሎ በራችን ላይ ጣለው። "ቀጥሎ መዶሻ ይዤ ነው የምመጣው" አለኝ። እኔም ከበሩ ኋላ ዱላ አስቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ በመጣልኝ እያልኩ እመኝ ነበር።

ትዕግሥት ፈርታ ለጋሽ ተስፋዬ ነገረቻቸው። ጋሽ ተስፋዬ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የተጣላ ሁሉ የሚጠራቸው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቀዋል። መጥተው ሻይ እንኳን ሳይቀምሱ ጓሮ ወጡ። አጥሩ ጋ ቆመው ብዙ አዳመጡ።

"እውነቱን ነው" አሉ። "እኔም ብሆን አልተኛም።"

"ጋሼ፣ ልጄን እኮ ነው ያደማት!"

"ለዚያ ለብቻው ይጠየቃል። ለመሆኑ ዕቃውን ብታዞረው ገንዘቡ ይቀርብህ እንደሆነ መሥሪያ ቤቱን ጠይቀሃል?"

አልጠየቅኩም። ሶስና እዚያው ደወለች። በደችኛ አውርታ ስትጨርስ "ጋሼ ስማኝ፣ ኼን ፕሮብሌም፣ ችግር የለም ነው ያሉት! ያው መሣሪያ እስከሆነ ድረስ ማዞር ይቻላል" አለች። እናቷ "ይስሙኝ አይባልም?" ብላ ቆነጠጠቻት። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"በቃ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ ሆነን እንሄዳለን" አሉ ጋሽ ተስፋዬ። "አጥፍተናል፣ እናነሳልሃለን እንለዋለን።" ደችኛቸው ደካማ ስለሆነ ሶስና አንድ ነገር ብቻ አስጠናቻቸው፦ "ዩ ሄፍት ኸላይክ፣ ሜኔር።" እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ ማለት ነው። ትራም ላይ ሁሉ ሲለማመዱት ሰነበቱ።

እሑድ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አስከትለው መጡ። ሦስቱም ከጥቁር ካፖርታቸው በላይ ነጠላ አጣፍተዋል። እኔን በዳይ ነህ ብለው ከኋላ አቆሙኝ። ደወሉን ስንደውል ቪም በመስኮት አየን። ሦስት የማያውቃቸው ወንዶች፣ ከኋላቸው ደግሞ አንገቱን ያነቅኩት እኔ።

"ሂዱ!" ብሎ ጮኸ።

የእኛ ሽማግሌ ደግሞ ሂድ ስለተባለ አይሄድም። ቢሰደብም ቢገፋም አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፤ ወጉ እንዲያ ነው። ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ቪም ደጋግሞ ጮኸ። እነሱ ይባሱን ዝቅ አሉ። አሁን ሳስበው፣ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እፈራ ነበር።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ቪም የብረት ቧንቧ ይዟል። ጋሽ ተስፋዬ ቀና ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ ቧንቧው ጆሮ ግንዳቸው ላይ አረፈ። ያን ድምፅ አልረሳውም። ነጠላቸው ቀላ። ደግሞ ሲሰነዝር የአንዱን ሽማግሌ ክንድ ሰበረ።

ገፍቼው ኮሪደሩ ውስጥ ገባሁ። ከደረጃው ጋር አጋጨሁት። በቡጢ ስመታው አፍንጫው ከእጄ ሥር ሲሰበር ታወቀኝ። ቧንቧውን ቀምቼ ደረቱ ላይ ተቀመጥኩና ወደ ላይ አነሳሁት። በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ "ኔ፣ ኔ" እያለ እንዳልመታው ይለምናል። የት እንደምመታው መርጬ ነበር።

የሆነ እጅ ክንዴን ጨመደደኝ። ጋሽ ተስፋዬ በጉልበታቸው እየዳሁ ገብተዋል። ደማቸው ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠባል።

"ይልቀቁኝ!"

"ሽምግልናዬን አልጨረስኩም" አሉ። "አታሳፍረኝ።"

ክንዴን ሳይለቁ ወደ ቪም ጎንበስ አሉ። ደም እየተፉ ያጠኑትን ተናገሩ። "ዩ ሄፍት ኸላይክ፣ ሜኔር።"

ቪም እጁን ከፊቱ ላይ አነሳ። እሳቸውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ሆዱ ባባና አለቀሰ። ቧንቧው ከእጄ ወደቀ።

ፖሊስና አምቡላንስ ተከታትለው ደረሱ። ቪም ተፈርዶበት ታሰረ። እኔም ለእጄ ሥራ ፍርድ ቤት ተመላልሻለሁ። የጋሽ ተስፋዬ ቀኝ ጆሮ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። ሰብሲዲውም መጣ።

ነገሩ ገና ትኩስ ሳለ፣ እኔ ከእንግዲህ ሳጥኑን አላነሳም ብዬ ነበር። ጋሽ ተስፋዬ "ቃል ገብቻለሁ" አሉና አፌን ዘጉኝ። ከአጥሩ ሥር አንስተን ወጥ ቤታችን ጣሪያ ላይ አስተከልነው። የዚያን ዕለት ጭንቅላታቸው እንደታሸገ መጥተው አጥሩ ጋ ቆሙ። ግራ ጆሯቸውን አዙረው ብዙ አዳመጡ።

"አሁን ይተኛል" አሉ።

ቪም ተፈትቶ ተመልሷል። ዛሬም ጎረቤቴ ነው። ይቅር ብዬዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ ሳየው ደሜ ይፈላል። ግን ከእሱ ይልቅ ራሴን ነው የምፈራው። የወጥ ቤቱ ጣሪያ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ነውና ማራገቢያው ሲነሳ እነቃለሁ። ጋሽ ተስፋዬ እውነታቸውን ነው፣ አያስተኛም። ያን ጊዜ ጨምድደው የያዙኝን ክንዴን እነካለሁ። ያን ቀን ባይደርሱልኝ ኖሮ ዛሬ የት እተኛ እንደነበር አውቃለሁ።