የላምባ ምድጃ ይዘን ዞብልን ስንሻገር

ይህ ጉዞ ከፍየሎቹ ዋጋ ሌላ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ብር ወጥቶበታል፤ ሁለት ሺህ አራት መቶው የምድጃ ነው። ፍየል ልንገዛ ከኮቦ ተነስተን፣ የዞብልን ተራራ በእግር ተሻግረን፣ አፋር ወዳለው ወዳጃችን ወደ ዓሊ መውረዳችን ነበር። አብረውኝ የወረዱት አያ እንድሪስ መንገዱን አርባ ዓመት ረግጠውታል፤ ንግዱንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ጥርስ የላቸውም፤ ሆዳቸውም ስለታመመ ሐኪሙ ከትኩስ አጥሚትና ከወተት ሌላ እንዳይቀምሱ ብሏቸዋል። በጀርባ የሚያዝ ምድጃ ካልተገኘ መንገዱን መተዋቸው ነው።

ኮቦ፣ ማለዳ

ወይዘሮ ለተብርሃን ሱቋ ውስጥ ሦስት ምድጃ ደረደረችልኝ። የጋዙ ውድ ነው፤ ቆላ ላይ ቢያልቅ የሚሞላው የለም። የከሰሉ ርካሽ ነው፤ ከነከሰሉ ግን ይከብዳል። የላምባው ቀላል ነው፤ እዚያው አስለኩሼ ባየው አንድ ጣሳ ውሃ ወዲያው አፈላ።

«የከሰሉን ውሰድ ሰይዶ፤ ከሰል ቢደፋ ይለቀማል» አለችኝ።

ነጋዴ ሲመክረኝ ያልተሸጠለት ዕቃ ነው የሚታየኝ። የላምባውን ገዛሁ። ላምባውን በባዶ የዘይት ጀሪካን አስሞላሁ፤ ክዳኑ ስለጠፋ አፉን በፌስታል ጠቀጠቅሁና ከአጥሚቱ ዱቄት ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። እኛ ዘንድ ጀሪካን ሁሉ የሚከደነው እንዲህ ነው።

ዞብል ሥር፣ እኩለ ቀን

የማሽላውን ማሳ አቋርጠን ግራር ጥላ ሥር አረፍን። ምድጃው ባንዴ ተለኮሰ፤ አጥሚቱም ፈላ። አያ አንዴ ፉት አሉና ጣሳውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ሰይድ፣ መኪና አረግኸኝ እንዴ?»

ከረጢቱን ስፈታው ላምባው ዱቄቱን አርሶታል።

«እንመለስ፣ አያ።»

«ወላሂ አልመለስም። ዓሊ ይጠብቀናል።»

ዳገቱን በውሃ ብቻ ወጡት። ሁለት ጊዜ ተቀመጡ፤ በሁለተኛው እጃቸውን ይዤ አነሳኋቸው። እዚህ መንገድ ላይ እጃቸውን ሰጥተውኝ አያውቁም ነበር።

ዓሊ ቤት፣ አመሻሽ

ዓሊ ገና ሲያያቸው ሮጦ የግመል ወተት አመጣ። ጠጥተው ነፍስ ሲዘሩ የእኔን እጅ ያዙና በዓሊ መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ከዛሬ ወዲያ የሚመጣልህ ይሄ ነው። እንደ እኔ እየው።»

«አንተስ፣ እንድሪስ?»

«ኮቦ ተቀምጬ ዱዓ አደርግላችኋለሁ።»

በእኛ ንግድ ደንበኛ የሚወረሰው እንዲህ፣ ሻጭ ፊት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ይሆናል። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ኮቦ፣ ሦስተኛው ቀን

ዓሊ ወተት አስይዞን እያዘገምን ገባን። ምድጃ ለሚመርጥ እግረኛ የምነግረው ይህን ነው፦ እኔ ሱቅ ውስጥ በስንት ደቂቃ እንደሚያፈላ ለካሁ፤ መንገድ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚያበላሽ አልጠየቅሁም።

ሁለት ሆነን ወረድን፤ አሥራ አንድ ፍየል እየነዳን ሁለት ሆነን ተመለስን። ለሚቀጥለው ገበያ የምንወርደው አንድ ሰው ነን።