የመጀመሪያ ሚናዬ ወባ ነበር

ባለፈው ዓመት ፈረንሳይ አገር ሊዮን ከተማ ውስጥ ለምሠራበት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ልብስ ስለካ፣ የአልባሳት ኃላፊዋ ገና ውኃ ያልነካው ቀሚስ በራሴ ስታጠልቅልኝ፣ ያ የአዲስ ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፣ እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቀጥ አልኩ። ሴትዮዋ የጠበበኝ መስሏት ደነገጠች። ጠቦኝስ አልነበረም፤ አፍንጫዬ ከእኔ ቀድሞ ድሬዳዋ ገብቶ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ለግዳጅ ወደ ሰሜን ተወስዶ ሳይመለስ ቀረ፣ እናቴም ጥቁሯን ሳታወልቅ ንግድ ጀመረች። «ኮንትሮባንድ» የሚሉት ፊናንሶቹ፣ ማለትም የጉምሩክ ጠባቂዎቹ ነበሩ፤ እኛ ቤት ስሙ «ሥራ» ነበር። በባቡር እስከ ድንበሩ፣ እስከ ደወሌ ትወርድና፣ የድሬ ሴቶች የሚለብሱትን ስስ የቀሚስ ጨርቅ፣ ሽቲ፣ ገዝታ፣ በሻንጣ ሳይሆን በገላዋ ጠምጥማ አምጥታ ቀፊራ ገበያ ላሉ ነጋዴዎች ታስረክብ ነበር። ሻንጣ ይፈተሻል፣ ሴት ግን በሰው ፊት ልብሷ አይገለጥም። ችግሩ ሙቀቱ ነው። በዚያ ሐሩር ደራርቦ የለበሰ ሰው ወይ አእምሮው ተነክቷል፣ ወይ ወባ ይዞታል። ሁለት ጊዜ ተይዛ ጨርቋን ተወረሰች፣ በሁለተኛው «ሌላ ቀን ካገኘንሽ ወህኒ ነው» አሏት፣ እሷም ቤት ገብታ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ፊቷ አስቀምጣ፣ «እኔ ከታሰርኩ አንቺ ዋሂል ገጠር አክስትሽ ጋ፣ እሱ አዋሽ አጎቱ ጋ ነው የምትሄዱት፤ ይቺ ቤት አበቃላት» አለችን። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም፤ ይቺ ቤት አትፈርስም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ወባው እኔን እንዲይዘኝ የተወሰነው ያን ዕለት ነው።

በጥቅምት፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ወንድሜን እውነተኛው ወባ ያዘው። ጎረቤት ሁሉ ሊጠይቅ ሲመጣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ጥርሱ እንዴት እንደሚንገጫገጭ፣ ብርዱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚደርስ አጠና ነበር። «ይቺ ልጅ ወንድሟን እንዴት ብትወደው ነው!» ይሉ ነበር ሴቶቹ። በጋውን ደግሞ ተለማመድን። ድሬ በቀትር ሱቁንም ቢሮውንም ዘግታ ስትተኛ፣ እኛ በሩን ቆልፈን፣ እናቴ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላ ዳኛ ስትሆን፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ እንቀጠቀጥ ነበር።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ ጀመርኩ። ደወሌ ላይ እናቴ ሽቲውን ገላዬ ላይ ጠመጠመችው፣ ክንዴን ማጠፍ እስኪያቅተኝ ድረስ ደራርባ ከላይ ሹራብና ጋቢ ጨመረችበት፣ ባቡሩ ውስጥም ራሴን ጭኗ ላይ አስተኛችኝ። ፊናንሱ ወጣት ነበር፣ ከደጋ በቅርቡ የመጣ፣ ፊቱ በሙቀት የተላጠ። ወደ እኛ ሲጠጋ የተማርኩትን አንድም ሳላስቀር አወጣሁት፤ ተንቀጠቀጥኩ፣ አቃሰትኩ፣ ዓይኔን ገለበጥኩ፣ ከአፌ አረፋ ለማውጣት ሁሉ ሞከርኩ። ፊናንሱ አመነኝ። ጣጣው የመጣው ከልክ በላይ ስላመነኝ ነው።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ እየሞተች ነው!» ብሎ ጠመንጃውን ወደ ጀርባው መልሶ ሊያነሳኝ ጎንበስ አለ። «አዲጋላ ጣቢያ ላይ አውርጄ ክሊኒክ አደርሳታለሁ።»

እናቴ ትከሻዬን ጨምድዳ ያዘች። ቢሸከመኝ ክብደቴ፣ ክሊኒክ ብገባ ልብሴ ያጋልጠናል። ከፊት ለፊታችን የተቀመጠች አንዲት ሶማሌ ሴትዮ ግን ቀደመችው፤ ትኩሳቴን ልታይ እጇን ጋቢዬ ሥር ሰደደች፣ ጣቶቿ የተጠመጠመውን ጨርቅ ዳሰሱ፣ ቆም አሉ፣ ከዚያ ወደ ፊናንሱ ዞራ፣ «ኢስካ ዳ! ተዋት አቦ!» አለችው። «ወላሂ፣ ይቺን ወባ እኔ ያውቃል። ላብ መጣ ማለት ሄደ ማለት ነው። እይ፣ ላብ መጣ።»

ላቡስ ከደወሌ ጀምሮ ሲወርድ ነው የመጣው። ግን ምን እንዳቀበለችኝ ገባኝ። መታመም ቀላል ነበር፤ ጭንቁ ሰው እያየ ቀስ ብሎ መዳን ነው። መንቀጥቀጤን ጥቂት በጥቂት ቀነስኩ፣ ዓይኔን ገለጥኩ፣ ውኃ ጠየቅሁ፣ ቆይቼም «እማዬ፣ ራበኝ» አልኩ። ፊናንሱ ሳቀ፣ ከኪሱ ቴምር አውጥቶ ሰጠኝና «እግዜር ይማርሽ» ብሎ አለፈ።

ቤት እንደ ደረስን እናቴ በሩን ቆለፈች። ጨርቁን ልትፈታ እንደ እንዝርት እያሾረችኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ሞተሽ ልትገድይን ነበር እኮ!» አለችና ሳቀች፣ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ለቅሶ ተለወጠባት፣ ከዚያ ትከሻዬን ይዛ፣ «ስሚ፤ የታመመ ሰው ታመምኩ አይልም። ደህና ነኝ ለማለት ነው የሚታገለው። መንቀጥቀጡን አታሳዪው፣ ደብቂው፤ ስትደብቂው ፊናንሱ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በመጡት ክረምቶች ሁሉ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ ላለመንቀጥቀጥ እየታገልኩ ተጓዝኩ፤ ፊናንሶቹም አንዴ አየት አድርገውኝ «ይማራት» እያሉ ያልፉ ነበር። እናቴ አልታሰረችም። እኔም ዋሂልን ለእንግድነት ካልሆነ አላየኋትም።

ሳድግ በዚያው ሐዲድ ጅቡቲ ወጣሁ፣ ከዚያ ፈረንሳይ ገባሁ። ቀን ሆቴል እያጸዳሁ ማታ ትወና ስማር «በዚህ አነጋገርሽ ማን ያሠራሻል?» ያላለኝ የለም፣ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ተወርሳ ሦስተኛ ባቡር የምትሳፈር እናት ልጅ ነኝ፣ እያንዳንዱን በር እስኪከፈት አንኳኳሁ። የመጀመሪያው የፊልም ሚናዬ ልጇ የጠፋባት ስደተኛ ሴት ነበረች። ዳይሬክተሩ «አልቅሺ፣ ጩኺ» ሲለኝ «አንዴ በእኔ መንገድ ልሞክረው» አልኩት፣ እንባዬን እየዋጥኩ ላለማልቀስ ታገልኩ፣ ካሜራው ሲቆምም መብራት የያዘው ሰውዬ ዓይኑን ሲጠርግ አየሁት። ከዚያ ወዲህ ሥራ አጥቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው፤ ሥራዬን ተጠራጥሬ ግን አላውቅም።

እናቴ ዛሬም ድሬ ናት። ያንን ፊልም ወንድሜ በስልኩ አሳይቷት ኖሮ፣ ደውዬ እንዴት አየሽው ስላት፣ «ጥሩ ነው። አላበዛሽም» አለችኝ። ቀጥላም አጠገቧ ፊናንስ የቆመ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከሥር ምን ለብሰሽ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም» አልኳት፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም መልሴ ሲከነክነኝ ከረመ። ዛሬ ብሳሳት «እንደገና» ይሉኛል፣ ተመልሰን እንቀርጻለን፣ ማንም ወህኒ አይወርድም። ያኔ ግን እንደገና የሚባል ነገር አልነበረም፣ ከሹራቤ ሥር የተጠመጠመው የእናቴ ነፃነትና የወንድሜ እራት ነበር። ያን ቀን ሊዮን ላይ የአልባሳት ኃላፊዋ «ጠበበሽ እንዴ?» ስትለኝ «አዎ፣ አስፊልኝ» አልኳት። ስንቀርጽ ከሥሩ አንድ ሽቲ እለብሳለሁ።