ባቡር መጣ

እኛ አገር፣ እስቴ፣ ባቡር የሚባለው ወፍጮው ነው። እኔም «እህሉን ባቡር አድርሺ» ስባል ነው ያደግሁት። በኋላ ንፋስ መውጫ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ሆኜ በሐዲድ ስለሚሄደው ባቡር ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ እሱስ ስንት ኩንታል ይፈጫል?» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር። እነሱ ለቀልድ ነው፤ እኔ ግን የምበሽቅበት ምክንያት ነበረኝ።

የእናቴ አያት በጎረምሳነቱ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ትቶ፣ የአንድ መኮንን ጓዝ ተከትሎ ወደ ሐረር ወረደ። አብሮት የወረደ ያገሩ ሰው ሲመለስ ለሚስቱ መልእክት ይዞላት መጣ። «የብረት መንገድ የሚዘረጋ ኩባንያ ዘንድ ሥራ ገብቻለሁ። ባቡር ይሉታል። መንገዱ አገራችን ሲደርስ ተሳፍሬበት እመጣለሁ፤ ጠብቂኝ» ብሏት ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም።

ሴትዮዋ ጠበቀች። ከል አልለበሰችም፣ ሌላ ባልም አላገባችም። የሰው አፍ መቼ ያርፋል! «ሌላ አግብቶ ቀርቷል» አሏት፤ ስሟም «የቀረው ሰውዬ ሚስት» ሆነ።

እናቴ ልጅ ሳለች የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ገበያ ላይ የመጀመሪያው የወፍጮ ሞተር ገባ። አገሬው «ባቡር መጣ! ባቡር መጣ!» እያለ በእልልታ አቀለጠው። ይህን ጊዜ ያቺ ጠባቂ ሚስት፣ የእናቴ ሴት አያት፣ አርጅታ ቤት ነበረች። ነጭ ቀሚሷን ከሣጥን አወጣች፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀባች፣ የእናቴን እጅ ይዛ ወደ ገበያው ሮጠች። ሰውን ገፍታ ገብታ «የታል? ወረደ?» አለች። ሞተሩን አሳዩዋት። ነገሩ ሲገባቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁባት። ወይ ጉድ! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ቤቷ ስትመለስ ቀሚሷ ላይ ያረፈውን ዱቄት እያራገፈች እናቴን «አደራ፣ እውነተኛው ባቡር ሳይመጣ ሞተ እንዳትሉት» አለቻት።

እናቴ በዚያ አደራ አረጀች። ለወንድ አያቷ ፍትሐት አልተደረገም፣ ተዝካር አልወጣም። ዘንድሮ አልጋ ላይ ስትውል ጭንቋ ሁሉ እሱ ሆነ። የነፍስ አባቷ «እሜቴ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ማን በሕይወት ይኖራል?» ቢሏት፣

«እሱንስ እኔም አጣሁት አባ? ሳልሞት ባስፈታው ደስታዬ ነበር። ግን አደራዋን በልቼ በየትኛው ፊቴ ላግኛት?» አለቻቸው።

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። የዚያን ኩባንያ መጨረሻ ሳላገኝ አላርፍም አልኩ። ከተማ ያሉ ወዳጆቼን ነዝንዤ የመጻሕፍት ገጽ በስልክ አስላክሁ፤ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ስልኬን ይዤ ዳገት እወጣለሁ። ባልደረቦቼ «ጡረታሽ ደርሶ ምን አደከመሽ?» ሲሉኝ «አርፋችሁ ተቀመጡ!» አልኳቸው። የእናቴን ወንድ አያት ስም የትም አላገኘሁም። የኩባንያውን ነገር ግን ደረስኩበት። ከባሕሩ ጠረፍ ተነስቶ በረሃውን በመከራ አቋረጠ፤ ደጋውን ሳይወጣ ገንዘቡ አለቀና ፈረሰ። ሌላ ተረክቦት ባቡሩን አዲስ አበባ አስገባው። ወደ እኛ ግን አንድ ሐዲድ እንኳ አልዞረም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው መኪና እስቴ ገባሁ። እንዳላስለቅሳት ፈርቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ መንገዱን የጀመረው ኩባንያ ያኔውኑ ፈርሷል። ባቡሩ ወደዚህ አልመጣም፤ አይመጣምም።»

በክርኗ ተደግፋ ቀና አለች። «እሱ ሥራ የገባበቱ ነው የፈረሰው?»

«አዎ፣ እሱው።»

«መንገዱም እኛ ዘንድ አልደረሰ?»

«አልደረሰም።»

«እንግዲያ የሚጠበቅ ባቡር የለም፤ አደራዋም እዚህ አበቃ» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ሳበችና «በይ ተነሺ፣ አባን ጥሪልኝ፤ ፍትሐቱን ያድርሱለት» አለችኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኻ ጨመረችልኝ፦

«ባቡሩ ነው የቀረው በያቸው! እሱ አልቀረም!»