ዘይት ያልተቀባው መቀስ

አጎቴን የሚኖርበት ሕንፃ ሰዎች «አባ ዝገት» ይሉታል። ቁጡ ሰው ነው፤ በዚህ ስም ግን ተቆጥቶ አያውቅም፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ከሊፍት ጥገና ሥራው ጡረታ ከወጣ፣ ሚስቱም ከሞተችበት ወዲህ ወደ ቤቱ የሚመጣው የዛገ ዕቃ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የፕላስቲክ ባልዲ ውኃ ይሞላና የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ይበጠብጥበታል። የዛገውን ዕቃ በባትሪ ቻርጀሩ ነጌቲቭ ሽቦ፣ የማይረባ ቁራጭ ብረት ደግሞ በፖዘቲቩ አስሮ፣ ሁለቱ ሳይነካኩ ባልዲው ውስጥ ያንጠለጥላቸዋል። መስኮቱን ከፍቶ ቻርጀሩን ይሰካል። ውኃው አረፋ ይደፍቃል፣ ዝገቱም ቀስ በቀስ ይለቃል። ሲያወጣው ይቦርሸዋል፣ ያደርቀዋል፣ ወዲያው ዘይት ይቀባዋል። ዘይት ካልነካው ብረቱ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ይዝጋል። ባልዲው ሲያጉረመርም አጎቴ ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል። «ቤት ውስጥ የሚያወራ ነገር ሲኖር ጥሩ ነው» ይለኛል በስልክ። እኔም እስቃለሁ።

ከላይ ፎቅ የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ ጣሪያዋ አፍስሶባት የዛገ ትልቅ መቀሷን አመጣችለት። በማግስቱ ልትወስድ ስትመጣ ገና እየቦረሸው ነበር፤ ቁጭ ብላ የደንበኞቿን ጉድ እያወራች አሳቀችው። እዚያ ቤት ሳቅ ከተሰማ ስንት ጊዜው! ሥራው አልቆ ልትነሣ ስትል ሆዱ ባባ። እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ዘይት ሳይቀባ ሰጣት። ብልጥ መሆኑ ነው! ይዝጋል፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ ቁጭ ብላም ታወራለች። ራሱ ነው እየተንከተከተ የነገረኝ።

ከዚያ መጠበቅ ጀመረ። ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ቤቱን ያስተካክላል።

መጣችም። ግን ከበሩ አላለፈችም።

«አባባ፣ ያ መቀስ እኮ መልሶ ዛገ። ከሌላ ሰው ሰምተው እንዳይከፋዎት ብዬ ነው የመጣሁት። ብረቱ አርጅቷል እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። አዲስ ገዛሁ።»

«አምጪው፣ ደግሜ እሠራዋለሁ።»

«ኧረ በጭራሽ! በዚህ ዕድሜዎ ምን አደከመዎት? ለጎረቤቶቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም አያስቸግርዎትም።»

«ግቢ እንጂ፣ ተቀመጪ።»

«ሌላ ጊዜ፣ አባባ። ደንበኛ እየጠበቀችኝ ነው።»

እውነቱን ሊነግራት አፉን ከፍቶ ነበር። ግን ምን ይላል? «እንድትመጪልኝ ብዬ ነው ያበላሸሁብሽ» ይባላል? «በይ እሺ» ብሎ በሩን ዘጋ። ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም።

የሕንፃው ሰዎች ደጎች ናቸው፤ አዝነውለት ተዉት። ደረጃው ላይ ሲያገኙት በአክብሮት ሰላም ይሉታል።

«ከእኛ ጭቅጭቅ ተገላገሉ፣ አይደል አባባ?»

«አዎ፣ ተገላገልኩ» ይላቸዋል።

ከዚያ ቤቱ ገብቶ ይደውልልኛል። የሚያወራው ግን አያገኝም።