ወጥቷል ያልኩት ካፕሱል

የመጀመሪያው ምልክት ድካም ነበር። ቴፒ ባለው ሱቄ የጨርቅ ጣቃ ላነሳ ስል ዓይኔ ይጨልማል። ሰው ሁሉ «ወባ ነው» አለኝ፤ እኛ ዘንድ ወባ ያልሆነ ሕመም መች አለና! ምርመራው ግን የደም ማነስ ሆኖ ተገኘ። ሰገራዬ ውስጥም በዓይን የማይታይ ደም አለ ተባለ። ከላይም ከታችም ካሜራ ባለው ቱቦ፣ በኢንዶስኮፒ፣ ታየሁ፤ የሚደማው ቦታ አልተገኘም።

አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም የቀረው ትንሹ አንጀት ነው ብሎ ካፕሱል ኢንዶስኮፒ አዘዘልኝ። ካሜራና መብራት ያለው፣ ከትልቅ የመድኃኒት ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነገር ነው። በውሃ ዋጥኩት። ወገቤ ላይ የታሰረው መቀበያ ቀኑን ሙሉ ሥዕል ሲለቅም ዋለ። ባለቤቴ ከድር «ዛሬ እንኳ የሆድሽን እናውቃለን» ብሎ ሳቀብኝ። ሐኪሙ አልሳቀም።

«በራሱ ይወጣል። መውጣቱን ግን በዓይንዎ ማየት አለብዎት። ካላዩት በኤክስሬይ እንፈልገዋለን» አለኝ።

ቴፒ ተመለስን። የቤታችን ሽንት ቤት ጉድጓድ ነው፤ ምን ይታያል? ፖፖ ተጠቀሚ ብለውኛል። የባሌ ቤተሰብ በሞላበት ግቢ ፖፖ ይዤ ልዞር? ተውኩት። በሳምንቱ የአዲስ አበባው ሐኪም ነርስ ደወለች፤ ካፕሱሉ ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ባትሪው አልቆ ሥዕሉ ተቋርጦባቸው ኖሯል፤ መውጣቱን ከእኔ ነው የሚያውቁት። የከድር አባት ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል።

«ካፕሱሉ ወጣ?» አለችኝ።

«ወጥቷል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ስልኩን ስዘጋ አባባ «ምኑ ነው የወጣው?» አሉኝ።

«ውጤቱ» አልኳቸው።

ከዚያ ሆዴ ተነፋ። አስመለሰኝ። የበላሁት አያልፍም። ካፕሱሉን አለማየቴን ለከድር መንገር አፈርኩ። ሲብስብኝ ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ወስዶ አስተኛኝ። እዚያ ያየችኝ ሐኪም በኤምአርአይ እንድመረመር ወደ ሌላ ሆስፒታል ልትልከኝ ወረቀት አወጣች።

«ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ነው፤ ሆድ ውስጥ ያለ ብረት ይጎትታል። የዋጡት ካፕሱል ወጥቷል?»

«ወጥቷል» አለ ከድር፣ እኔን አምኖ።

ውሸቴን ከእሱ አፍ ሰማሁት። መሸሻ የለኝም። ዝም ብል እሞታለሁ። ብናገር አፍራለሁ። ሐኪሟ መጻፍ ጀመረች።

«አላየሁም» አልኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ኤክስሬይ ተነሳሁ። ካፕሱሉ ሆዴ ውስጥ ነበር።

ጅማ ቀዶ ሕክምና ያደረገልኝ ሐኪም፣ ካፕሱሉ የተቀረቀረው አንጀቴ ቆስሎ ከጠበበበት ቦታ ላይ መሆኑን፣ ይደማ የነበረውም ያው ቦታ መሆኑን አስረዳኝ፤ የጠበበውን ቆርጦ ካፕሱሉን አወጣ፣ ናሙናውም ሲመረመር የአንጀት ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ስድስት ወር መድኃኒቴን አንድ ቀን ሳላስተጓጉል ወሰድኩ፣ እህል እየጣመኝ መጣ፣ ዛሬ ጣቃዬን ራሴ አነሳለሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንጀቴ መሥራት መጀመሩን ሐኪሞቹ የሚያውቁት አየር ሲወጣኝ ነበር። ያን ሰሞን አባባ በየጠዋቱ አልጋዬ አጠገብ ቆመው፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ «ልጄ፣ ፈስ ወጣሽ?» ይሉኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ወጣኝ» ስላቸው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እኔ ለእሳቸው ክብር ብዬ ልሞት ነበር!

ሐኪሞቼን፣ ነርሶቹን፣ ከድርን አላህ ይስጥልኝ። እናንተም ካፕሱል የምትውጡ ሁሉ፣ ነርሷ ስትደውል ማንም አጠገባችሁ ቢቀመጥም፣ ካላያችሁት «አላየሁም» በሉ።