በደህናው ቀን የመጡልኝ

መጀመሪያ ያመመኝ ወገቤን ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ጎብጬ ስለምውል ወገቤን ሲያመኝ አልደነግጥም። ከሰዓት በኋላ ግን በዚያ በአዳማ ፀሐይ፣ ያውም ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ተቀምጬ፣ በረደኝ። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ለስፌት የመጣውን ጨርቅ ሁሉ ደራርቤ ብተኛም አልሞቀኝም።

ጊዜው ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከወሎ መጥቼ ባቡር ጣቢያው አጠገብ እሰፋ ነበር። ሚስት የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ቀደም ብሎ የሰርግ ልብስ ልሰፋ አዋሽ ዳር ከርሜ ስለነበር፣ ያየኝ ሁሉ ወባ መሆኑን ወዲያው አወቀ።

ጠያቂ ግን አልጠፋብኝም። የአዳማ ሰው በዚህ አይታማም፤ ሰይድ ታመመ ሲባል ክርስቲያኑም እስላሙም ቤቴን ሞላው። በማግሥቱ ላቡ ወጣልኝ፣ ትኩሳቱም ለቀቀኝ። “እንኳን ማረህ!” ብለውኝ ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ። እኔም ተነሥቼ መኪናዬን ማሽከርከር ጀመርኩ።

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ወደቅኩ።

ብዙ አላስታውስም። ውኃ ጠየቅኩ። ውኃውን አስመለሰኝ። እናቴን ጠራሁ። እናቴ የለችም። ግድግዳው ወደ እኔ ይመጣ ነበር። እሞታለሁ ብዬ ፈራሁ።

ጎረቤቴ አዴ ቦንቱ ቅቤ ነጋዴ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጮክ ብለው የሚናገሩ፣ ሹም እንኳ የማይፈሩ ሴት። እስከዚያ ቀን “አካም ቡልቴ?” ከሚል የጠዋት ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። ለካ አንድ የፈረንጅ ሐኪም በባቡር ሲያልፍ ጣቢያው ላይ አርፏል ሲባል ሰምተው፣ ሮጠው ሄደው ከነአስተርጓሚው ይዘውት መጡ። ሐኪሙ ቴርሞሜትር ብብቴ ውስጥ ከተተ፤ የግራ ጎኔን ዳበሰ።

“ጣፊያው አብጧል ይላል” አለ አስተርጓሚው። ሐኪሙ ኪኒኑን ለአዴ ቦንቱ ሰጥቶ ብዙ ተናገረ። “ይህ ወባ ቀን እየዘለለ ነው የሚመጣው። ኪኒኑን በደህናው ቀንም ይዋጥ። ሰውን የሚገድለው ‘ተሻለኝ’ ማለት ነው፣ ይላል።”

ከጁምዓ በኋላ ቤቱ እንደገና በጠያቂ ሞላ። አዴ ቦንቱ በሩ ላይ ቆሙ።

“ዛሬ ሁላችሁም መጣችሁ፣ ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ። ነገ ደኅና ይሆናል። ነገ ማነው የሚመጣው?”

አንዱ ሳቀ። “ደኅና ከሆነማ ምኑ ይጠየቃል?”

“እኔስ እሱን አይደለም የምላችሁ? ኪኒኑን የሚተወው ያን ቀን ነው!”

እዚያው ተራ አወጡልኝ። የሚያንቀጠቅጠኝን ቀን ለጠያቂው ተዉት፤ መቼም ያን ቀን ሰው አይጠፋም። ደኅናውን ቀን ከመጡት መካከል አንዴ ለጫማ ሰፊው፣ አንዴ ለጣቢያው ዘበኛ አከፋፈሉ። የነገውን ቅዳሜ ለራሳቸው ያዙ፤ የደራ ገበያቸውንም ተዉት።

እውነቱን ልናገርና ያን ኪኒን ጠላሁት። መራራነቱ አንጀት ይደርሳል፤ ጆሮዬ ጭው እያለ የሰው ድምፅ ከሩቅ ይሰማኛል። ደኅና የሆነ ሰው ይህን ለምን ይውጣል?

“አዴ፣ ደኅና ነኝ እኮ። ገበያዎ ለምን ይቀራል?”

“ዋጠው፣ ያ ኢልማ ኮ! ዋጠው ልጄ። ቅቤው የትም አይሄድ።”

እያደር ብርዱ ራቀኝ፤ ጣፊያዬም እየሟሸሸ ሄደ፤ አዴ ቦንቱ ያመጡልኝን ገንፎ በቅቤ እየበላሁ፣ መጀመሪያ ግድግዳ ይዤ፣ በኋላም እሳቸው እየተቆጡኝ እስከ ሐዲዱ ድረስ እየተራመድኩ፣ ቀስ በቀስ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። አንድ ቀን እንደተለመደው አጠገቤ ቁጭ ብለው ሳለ፣ ባዳ ለሆንኩት ለእኔ ይህን ሁሉ ለምን እንደደከሙ ጠየቅኳቸው።

ድምፃቸው ዝቅ አለ።

“ባሌ ሲንቀጠቀጥ አንድም ቀን ከአጠገቡ አልራቅኩም። ተሻለኝ ሲለኝ ገበያ ሄድኩ። እሱም በሬውን ጠምዶ ወጣ። ከእርሻ በቃሬዛ መለሱት። ከዚያ ወዲህ ሰው ታመመ ሲሉኝ፣ በደህናው ቀን ማን አለው እላለሁ።”

አዴ ቦንቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። ነፍሳቸውን ይማር፤ ዕድሜዬን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ወባ ቤታችሁ ገብቶ ከሆነ ኪኒኑን እስከ መጨረሻው ዋጡ፤ አስታማሚ ከሆናችሁም ላቡ ሲደርቅ አትበተኑ። ሰውን መጠየቅ እግር በመራን ጊዜ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ለማን እንደምንሄድና መቼ እንደምንሄድ አስበን፣ ከሥራችን ቀን ቆርሰን የምናደርገው ነው።

ከእኛ በታች ያለው አናጢ ትናንት ሲንቀጠቀጥ ውሎ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ዛሬ ጠዋት መዶሻውን ሲመታ ሰማሁት። መኪናዬን ሸፍኜ ወደ እሱ ሄድኩ።